22/7 ፓይ አይደለም፦ የአርኪሜዴስ «የክብ ልኬት» ሲገመገም

ስለ ክብ የሚያስተምረው የመማሪያ መጽሐፍ ምዕራፍ ብዙውን ጊዜ ሁለት ሳጥኖች አሉት። በአንደኛው «ዙሪያ = 2 × ፓይ × ሬዲየስ» ተብሎ ተጽፏል። ገጹን ስትገልጡ ሁለተኛው ሳጥን ይመጣል፦ «ስፋት = ፓይ × ሬዲየስ × ሬዲየስ»። ከሥር «ፓይ = 22/7 ወይም 3.14» የሚል ማስታወሻ ይኖራል። ከዚያ መልመጃ፣ ከዚያ ፈተና። በቃ።

እነዚህን ሁለት ሳጥኖች በቃላችን ይዘን ክፍል እንዛወራለን። አንድ ጥያቄ ግን ሳይነሳ ይቀራል። ዙሪያ ርዝመት ነው፤ በገመድ ይለካል። ስፋት ደግሞ ገመድ የማይለካው፣ ንጣፍ የሚሸፍነው ነገር ነው። ታዲያ አንድ ቁጥር፣ ያው ፓይ፣ በሁለቱም ውስጥ ምን ይሠራል? በአጋጣሚ ነው እንዴ?

የዚህ ጥያቄ መልስ ከ2,200 ዓመት በላይ ዕድሜ ባለው አንድ አጭር ጽሑፍ ውስጥ ይገኛል። ጸሐፊው በሲሲሊ ደሴት የሰራኩስ ከተማ ሰው የነበረውና ሮማውያን ከተማዋን ሲይዙ እ.ኤ.አ. በ212 ከክርስቶስ ልደት በፊት የተገደለው አርኪሜዴስ ነው። ጽሑፉ «የክብ ልኬት» ይባላል፤ በውስጡ ያሉት ሦስት ዐረፍተ ሐሳቦችና ማረጋገጫዎቻቸው ብቻ ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ ስለ አርኪሜዴስ ሲወራ ሙገሳ ብቻ ነው የሚሰማው። እኛ ግን ዛሬ ይህን ጽሑፍ እንደማንኛውም መጽሐፍ እንገመግመዋለን፤ ምኑ ጠንካራ ነው፣ ምኑ ደካማ ነው፣ የእኛ የመማሪያ መጽሐፍስ ከእሱ የወሰደውና ያልወሰደው ምንድን ነው?

መጀመሪያ፣ ጥያቄው የእውነት ጥያቄ ነው?

አንዳንዱ «ያው ክብ ስለሆነ ያው ቁጥር ቢመጣ ምን ይገርማል?» ሊል ይችላል። እሺ፣ በሌላ ቅርጽ እንሞክረው።

ጎኖቹ እኩል የሆኑ ባለ 6 ጎን ቅርጽ ሣሉ። ከመሃሉ እስከ እያንዳንዱ ማዕዘን 1 ሜትር ይሁን። የዚህ ቅርጽ እያንዳንዱ ጎንም ልክ 1 ሜትር ይሆናል፤ ስለዚህ ዙሪያው 6 ሜትር ነው። አሁን ለክብ እንደምናደርገው ዙሪያውን ለ2 × 1 እናካፍል፤ 3 እናገኛለን። ይህ የባለ 6 ጎኑ «የዙሪያ ቁጥር» ነው እንበል። ስፋቱ ሲሰላ ደግሞ 2.598 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። ለ1 × 1 ስናካፍለው ያው 2.598፤ ይህ ደግሞ «የስፋት ቁጥሩ» ነው። 3 እና 2.598፤ እኩል አይደሉም!

ስለዚህ ሁለቱ ቁጥሮች በራሳቸው እኩል የመሆን ግዴታ የለባቸውም። ክብ ላይ እኩል ከሆኑ ምክንያት መኖር አለበት፤ ያንን ምክንያት ያላሳየ ትምህርት ደግሞ ግማሽ ትምህርት ነው።

የመጀመሪያው ዐረፍተ ሐሳብ፦ ከሦስቱ ምርጡ

አርኪሜዴስ እንዲህ ይላል፦ የማንኛውም ክብ ስፋት፣ አንድ ማዕዘኑ 90 ዲግሪ ከሆነና ያንን ማዕዘን የሚሠሩት ሁለት ጎኖቹ አንዱ የክቡን ሬዲየስ፣ ሌላው የክቡን ዙሪያ ከሚያክሉ ጎነ ሦስት ስፋት ጋር እኩል ነው።

የጎነ ሦስት ስፋት ከግማሽ መሠረት ሲባዛ በከፍታ መሆኑን ታውቃላችሁ። ስለዚህ አባባሉ በአጭሩ ይህ ነው፦

ስፋት = ግማሽ × ሬዲየስ × ዙሪያ

ልብ በሉ፤ እዚህ ውስጥ ፓይ የሚባል ነገር የለም። ዙሪያ እና ስፋት በቀጥታ ተጨባበጡ። አሁን በዙሪያው ቦታ «2 × ፓይ × ሬዲየስ» ብታስገቡ፣ ግማሹና 2 ተጣፍተው «ፓይ × ሬዲየስ × ሬዲየስ» ይቀራል። ሁለተኛው ሳጥን ከመጀመሪያው ሳጥን ተወለደ ማለት ነው። ሁለት ቀመር የመሰለን ነገር አንድ ሐሳብ ነበር።

ይህ እውነት እንዴት እንደሚመጣ ለመገመት ሰፌድ አስቡ። ሰፌድ ከመሃል ተጀምሮ ዙር በዙር እየሰፋ የሚሰፋ ነው። ቀጭን ሰፌድ ከመሃል እስከ ጠርዝ በአንድ ቀጥታ መስመር ተቀዶ፣ እያንዳንዱ ዙር ተቃንቶ አንዱ ባንዱ ላይ ቢደረደር ምን ይሆናል? የውጪው ዙር ከሁሉ ይረዝማል፤ ርዝመቱም የሰፌዱ ዙሪያ ነው። ወደ መሃል የቀረበው ዙር እያጠረ፣ እያጠረ ሄዶ መሃሉ ላይ ነጥብ ይሆናል። የተደረደረው ነገር ጎነ ሦስት ነው፤ መሠረቱ ዙሪያው፣ ከፍታው ሬዲየሱ።

ይህ ግን ምስል እንጂ ማረጋገጫ አይደለም። እያንዳንዱ ዙር ውፍረት ስላለው ሲቃና ውስጡና ውጪው እኩል ርዝመት አይኖራቸውም። አርኪሜዴስ በምስል አልረካም። የእሱ መንገድ ሰው ክርክር ሲያሸንፍ የሚሄድበትን መንገድ ይመስላል፤ ተቃዋሚውን ሁለቱንም በር ይዘጋበታል።

በር አንድ፦ «ክቡ ከጎነ ሦስቱ ይበልጣል» ብትሉኝ፣ ክቡ ውስጥ ማዕዘኖቹ ጠርዙን የሚነኩ ጎነ ብዙ እሠራለሁ። ጎኖቹን እጥፍ እያደረግኩ ስሄድ የጎነ ብዙው ስፋት ወደ ክቡ ይጠጋል፤ በመጨረሻም እናንተ «ይበልጣል» ካላችሁት ልዩነት ባነሰ ርቀት ይደርሳል። ያኔ ጎነ ብዙውም ከጎነ ሦስቱ መብለጥ አለበት። ግን አይችልም። ለምን? ጎነ ብዙውን ከመሃሉ እየሰነጠቃችሁ ጎነ ሦስቶች ብታደርጉት፣ ስፋቱ ግማሽ × ከመሃል እስከ ጎን ያለው ርቀት × የጎነ ብዙው ዙሪያ ነው። ርቀቱ ከሬዲየሱ ያንሳል፣ ዙሪያውም ከክቡ ዙሪያ ያንሳል። ሁለት የሚያንሱ ነገሮች ተባዝተው እንዴት የሚበልጥ ይሰጣሉ?

በር ሁለት፦ «እሺ፣ ክቡ ከጎነ ሦስቱ ያንሳል» ብትሉኝ፣ አሁን ደግሞ ጎኖቹ ክቡን ከውጪ የሚነኩ ጎነ ብዙ እሠራለሁ። ይህም ጎኖቹ ሲበዙ ወደ ክቡ ይጠጋል፤ ከጎነ ሦስቱ ያነሰ እስኪሆን ድረስ። ግን የዚህኛው ከመሃል እስከ ጎን ያለው ርቀት ልክ ሬዲየሱ ነው፣ ዙሪያው ደግሞ ከክቡ ዙሪያ ይበልጣል። ስለዚህ ስፋቱ ከጎነ ሦስቱ መብለጥ አለበት። ይህም አይሆንም።

አይበልጥም፤ አያንስም። እንግዲህ እኩል ነው።

ከላይ ያነሳነው የባለ 6 ጎን እንቆቅልሽም እዚሁ ይፈታል። ባለ 6 ጎን ላይ ከመሃል እስከ ማዕዘን ያለው ርቀትና ከመሃል እስከ ጎን ያለው ርቀት የተለያዩ ናቸው፤ ሁለቱ ቁጥሮች የተለያዩት በዚህ ነው። ክብ ላይ ግን ማዕዘን የለም፤ ጠርዙ ሁሉ ከመሃል እኩል ይርቃል። የሁለቱ ቁጥሮች አንድ መሆን ይህ ነው ምስጢሩ። አንድ ገጽ በማይሞላ ጽሑፍ ይህን ማድረግ ቀላል ሥራ አይደለም፤ «ወሰን የሌለው» የሚል ቃል እንኳ አልተጠቀመም።

ግን አንድ ክፍተት አለ

አሁን ወደ ነቀፌታው እንምጣ። ከላይ በሁለቱም በሮች ላይ ሁለት ነገር ሳይረጋገጥ አልፏል፦ የውስጡ ጎነ ብዙ ዙሪያ ከክቡ ዙሪያ ያንሳል፣ የውጪው ደግሞ ይበልጣል። የውስጡ እሺ፤ በሁለት ነጥቦች መካከል ከሁሉም አጭሩ መንገድ ቀጥታ መስመር ነው። የውጪውስ? «ያው ከውጪ ነዋ የከበበው!» አይበቃም። ውጪ ያለ ነገር ሁልጊዜ ይረዝማል ያለው ማነው? ውስጥ ያለ አጥር ዚግዛግ እየሠራ ቢሄድ ከውጪው አጥር ሊረዝም ይችላል።

አርኪሜዴስ ይህን ሳያውቀው አልቀረም። «ስለ ሉልና ሲሊንደር» በተባለው ሌላ ሥራው ላይ ጉዳዩን በግልጽ እንደ መነሻ ግምት ያስቀምጠዋል፤ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚጎብጡ፣ ስርጉድ የሌላቸው መስመሮች አንዱ ሌላውን ከከበበ፣ ከባቢው ይረዝማል ይላል። «የክብ ልኬት»ን ብቻ የሚያነብ ሰው ግን ይህን አያገኝም። አንባቢን በዚህ ቦታ ላይ ያለ መሰላል መተው ጥፋት ነው።

«ጥቃቅን ነገር አታብዛ» የምትሉ ካላችሁ፣ ይህን ጨዋታ እዩ። ዲያሜትሩ 1 ሜትር የሆነ ክብ ሣሉ፤ ዙሪያውን በካሬ ክበቡት። የካሬው ዙሪያ 4 ሜትር ነው። አሁን አራቱን ማዕዘኖች ጫፋቸው ክቡን እስኪነካ ድረስ ወደ ውስጥ እጠፏቸው፤ እንደ ደረጃ ይሆናሉ። ዙሪያው ተቀየረ? አልተቀየረም፤ አሁንም 4 ነው፤ አግድሙም ቁመቱም ቦታ ተቀያየረ እንጂ አልጠፋም። እንደገና እጠፉ። እንደገና። ከሺህ ጊዜ በኋላ ደረጃው በጣም ከመድቀቁ የተነሳ በዓይን ሲታይ ክብ ነው። ዙሪያው ግን አሁንም 4። እንግዲህ ፓይ 4 ነው?

አይደለም፤ በገመድ ለክታችሁ ማየት ትችላላችሁ። ስህተቱ የት ጋ ነው? ደረጃው ወደ ክቡ የሚጠጋው በቦታ ብቻ ነው። በአቅጣጫ ግን መቼም አይመስለውም፤ ሁልጊዜ ወይ አግድም ወይ ቁልቁል ነው የሚሄደው። እርምጃው ባነሰ ቁጥር የእርምጃዎቹ ብዛት ይጨምራል፤ ትርፉ ርዝመት የትም አይሄድም። ደግሞም ደረጃው በየመታጠፊያው ስርጉድ አለው፤ የአርኪሜዴስ ግምት የሚያስቀራቸው ዓይነት መስመር ነው። ያ አሰልቺ የሚመስል ግምት ለምን እንዳስፈለገ አሁን ይገባችኋል።

እዚህ ላይ የመማሪያ መጽሐፎቻችንም ይነካሉ። ከእነሱ የተሻሉት ክቡን እንደ ዳቦ ቁራጭ ቆርጠው፣ ቁራጮቹን አንዱን ወደ ላይ አንዱን ወደ ታች እያደረጉ ይደረድሩና «ሬክታንግል ይመስላል» ይላሉ። ቁመቱ ሬዲየስ፣ ርዝመቱ የዙሪያው ግማሽ። ቆንጆ ሥዕል ነው፤ መልሱም ትክክል ነው። ግን «ይመስላል» ብሎ ማቆሙ ችግር አለበት፤ ደረጃውም እኮ ክብ ይመስል ነበር! አንዱ «ይመስላል» እውነት ሲሰጠን ሌላው ውሸት ከሰጠን፣ መለያችን ምንድን ነው? መለያው አጥሩ በሁለት ወገን መሆኑ ነው። ደረጃው ክቡን ከውጪ ብቻ ያጥረዋል፤ ከውስጥ የሚገፋ አቻ የለውም። አርኪሜዴስ ግን ከውስጥም ከውጪም ይይዘዋል።

ሦስተኛው ዐረፍተ ሐሳብ፦ 96 ጎን

እስካሁን ቁጥር አልወጣም። ሦስተኛው ክፍል ቁጥሩን ያወጣል። አባባሉ፦ የክብ ዙሪያ ከዲያሜትሩ ሦስት እጥፍ ይበልጣል፤ ትርፉም ከዲያሜትሩ 1/7 ያንሳል፣ ከ10/71 ግን ይበልጣል። በእኛ አጻጻፍ፣ ፓይ ከ3 እና 10/71 በላይ፣ ከ3 እና 1/7 በታች ነው። ሁለተኛው ቁጥር ያ የምታውቁት 22/7 ነው።

እንዴት ደረሰበት? ከባለ 6 ጎን ይጀምርና ጎኖቹን እጥፍ ያደርጋል፤ 12፣ 24፣ 48፣ 96። በእያንዳንዱ ደረጃ የውስጡንም የውጪውንም ዙሪያ ያሰላል። ዛሬ በካልኩሌተር ብንሠራው፣ ለዲያሜትር 1 እንዲህ ይወጣል፦

ባለ 6 ጎን፦ ከውስጥ 3.0000፣ ከውጪ 3.4641
ባለ 12 ጎን፦ ከውስጥ 3.1058፣ ከውጪ 3.2154
ባለ 24 ጎን፦ ከውስጥ 3.1326፣ ከውጪ 3.1597
ባለ 48 ጎን፦ ከውስጥ 3.1394፣ ከውጪ 3.1461
ባለ 96 ጎን፦ ከውስጥ 3.1410፣ ከውጪ 3.1427

አጥሩ እንዴት እንደሚጠብ አያችሁ? ጎኖቹ እጥፍ በሆኑ ቁጥር በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ወደ አንድ አራተኛ ገደማ ይወርዳል።

አርኪሜዴስ ግን ካልኩሌተር ቀርቶ ዛሬ የምንጠቀምበት የቁጥር አጻጻፍ እንኳ አልነበረውም። የ3 ስኩዌር ሩት፣ ማለትም በራሱ ሲባዛ 3 የሚሰጠው ቁጥር፣ አስፈልጎታል። ይህ ቁጥር በክፍልፋይ በትክክል አይጻፍም። ስለዚህ እዚህም አጥር ሠራለት፦ ከ265/153 ይበልጣል፣ ከ1351/780 ያንሳል። ትክክል መሆኑን ራሳችሁ ፈትሹ። 265 × 265 = 70,225 ነው፤ 3 × 153 × 153 ደግሞ 70,227። በ2 ብቻ አነሰ! 1351 × 1351 = 1,825,201፤ 3 × 780 × 780 = 1,825,200። በ1 ብቻ በለጠ!

ይህ አስደናቂ ነው፤ ግን ነቀፌታዬም እዚሁ ነው። እነዚህን ክፍልፋዮች ከየት አመጣቸው? አንድ ቃል አልጻፈም። በቃ «ይህ ነው» ብሎ አለፈ። አስተማሪያችሁ ቢሆን «ሥራህን አሳይ» ብሎ ነጥብ ይቀንስበት ነበር። ከዚያ ወዲህ የመጡ የሒሳብ ሰዎች መንገዱን ለመገመት ብዙ ቀለም ጨርሰዋል።

አንድ ነገር ግን በጣም ተጠንቅቋል፤ ይህ ከሁሉ በላይ የማደንቀው ነው። ቁጥር ማቃለል ሲፈልግ ወዴት እንደሚያቃልል ያውቃል። የውጪውን ሲያሰላ ሁልጊዜ ወደ ላይ፤ የውስጡን ሲያሰላ ሁልጊዜ ወደ ታች። ለዚህ ነው ከ3.1427 ተነስቶ በትንሹ ወደሚበልጠው 22/7፣ ማለትም ወደ 3.1429፣ የወጣው። ከ3.1410 ደግሞ ወደ 3 እና 10/71፣ ማለትም ወደ 3.1408፣ ወረደ። አጥሩ ትንሽ ሰፋ፤ ግን ፓይ መቼም አያመልጠውም። ግምት እንዲህ ሲሠራ ግምት አይባልም፤ እውቀት ነው።

ሁለተኛው ዐረፍተ ሐሳብ፦ የጽሑፉ ጉድ

ሆን ብዬ ወደ መጨረሻ ያቆየሁት ሁለተኛው ነው። እንዲህ ይላል፦ ክብ በዲያሜትሩ ላይ ከተሠራ ካሬ ጋር ሲነጻጸር እንደ 11 ለ14 ነው።

ሁለት ጥፋት አለው። አንደኛ፣ 11 ለ14 የሚመጣው ፓይ 22/7 ነው ከተባለ ብቻ ነው፤ 22/7 ደግሞ ገና በሦስተኛው ክፍል ነው የሚመጣው። ከጋሪው በኋላ ፈረሱን ማሰር ማለት ነው። ሁለተኛውና ዋነኛው፣ «ነው» ይላል። «ያንሳል» ወይም «ይቀርባል» አይልም። 11/14 ወደ 0.7857 ነው፤ እውነተኛው ግን ወደ 0.7854። ጥቂት መስመሮች ዝቅ ብሎ አጥር የሚያጥር ሰው፣ እዚህ ላይ አጥሩን አፍርሶ አንድ ቁጥር ብቻ እንዴት ይተክላል?

ምሁራን ጥፋቱን ለአርኪሜዴስ አይሰጡትም። እጃችን የገባው ጽሑፍ ምናልባት ከረዘመ ሥራ የተቆረጠ፣ በብዙ ገልባጮችና አራሚዎች እጅ ያለፈ ነው ብለው ያምናሉ። ለእኔ ግን የሚገርመኝ ሌላ ነው። ከሦስቱ ክፍሎች ወደ ትምህርት ቤት ሰተት ብሎ የገባው የዚህ የተበላሸው ክፍል መንፈስ መሆኑ ነው! «ፓይ = 22/7» የሚለው ሳጥን የአርኪሜዴስን አጥር አንድ ወገን ወስዶ፣ ሌላውን ጥሎ፣ «እኩል ነው» የሚል ምልክት ለጠፈበት።

መልመጃዎቹም ለዚህ ውሸት ያጫፍራሉ። አስተውላችኋል? የክቡ ሬዲየስ ብዙ ጊዜ 7 ነው፤ ካልሆነ 14፤ ካልሆነ 21። ሬዲየሱ 7 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ስፋቱ «154» ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ያለ ትርፍ፣ ያለ ነጥብ። እውነቱ 153.938 ገደማ ነው። በዓለም ላይ ያለ ክብ ሁሉ በ7 የሚካፈል ይመስላል።

«ምን ችግር አለው፤ ልዩነቱ ትንሽ ነው» ይባል ይሆናል። ለሥራ ከሆነ እውነት ነው። ዲያሜትሩ 60 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ምጣድ 22/7 ብትጠቀሙ ዙሪያው ላይ የምትስቱት ከ1 ሚሊ ሜትር በታች ነው፤ ብረት ሠሪው አይጎዳም። ዲያሜትሯ በአማካይ 12,742 ኪሎ ሜትር ለሆነችው መሬት ግን ስህተቱ 16 ኪሎ ሜትር ገደማ ይደርሳል። ደግሞም የተሻለ ቁጥር ከዚያው ጽሑፍ ማግኘት ይቻል ነበር፤ የአጥሩን ሁለት ወገኖች ደምራችሁ ለ2 ብታካፍሉ 3.14185 ይመጣል። ይህ ከ22/7 አምስት እጥፍ ገደማ ለእውነቱ ይቀርባል።

ትልቁ ጉዳት ግን ሌላ ነው። «እኩል ነው» የተባለ ተማሪ መጠየቅ ያቆማል። ዮሐን ላምበርት የተባለ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1761 ፓይ በየትኛውም ክፍልፋይ በትክክል ሊጻፍ እንደማይችል አረጋገጠ። ይህ ማለት የአርኪሜዴስ አጥር ለጊዜው የተቀመጠ መፍትሔ አልነበረም ማለት ነው። በክፍልፋይ እስከተናገርን ድረስ፣ «ከዚህ በላይ፣ ከዚያ በታች» የሚለው መልስ ትክክለኛው የመልስ መልክ ነው።

ከሌሎቹ ጋር ሲነጻጸር

አርኪሜዴስ ብቻውን አልነበረም። ከእሱ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1550 ከክርስቶስ ልደት በፊት ገደማ፣ አህሜስ የተባለ የግብፅ ጸሐፊ በገለበጠው ፓፒረስ ላይ የክብ መሬት ስፋት ተሰልቶ ይገኛል፦ ከዲያሜትሩ አንድ ዘጠነኛውን ቀንስ፣ የቀረውን በራሱ አባዛ። ዲያሜትሩ 9 ከሆነ 8 ይቀራል፤ ስፋቱ 64። ይህ ፓይ 3.16 ገደማ ነው እንደማለት ነው። ለዚያ ዘመን ጥሩ ነው፤ ግን እንደ እኛው ሳጥን «አድርግ» እንጂ «ስለዚህ» አይልም።

በቻይና ደግሞ ሊዩ ሁዊ እ.ኤ.አ. በ263 ገደማ ያው ጎን የማጠፍ ሐሳብ ላይ በራሱ መንገድ ደርሶ 3.14 አገኘ። በ5ኛው መቶ ዘመን ዙ ቾንግዢ 355/113 የሚል ክፍልፋይ ሰጠ፤ እስከ ስድስተኛው አሐዝ ከነጥብ በኋላ ትክክል ነው። በቁጥር ጥራት ዙ ከአርኪሜዴስ ይበልጣል። የአርኪሜዴስ ጥንካሬ ደግሞ ምን ያህል ሊሳሳት እንደሚችል ከመልሱ ጋር አብሮ መናገሩ ነው። «ፓይ» የሚለው ምልክት ራሱ በጣም ዘግይቶ የመጣ ነው፤ ዊልያም ጆንስ እ.ኤ.አ. በ1706 ተጠቀመበት፣ ኦይለር አስፋፋው። ስሙ ሳይኖር ሐሳቡ ሁለት ሺህ ዓመት ኖሯል።

ፍርዱ

«የክብ ልኬት» የተጎዳ ጽሑፍ ነው። ግምቶቹን ይደብቃል፣ ክፍልፋዮቹን አያብራራም፣ መካከሉ ላይ የተሳሳተ ዐረፍተ ሐሳብ ተሸክሟል። እንዲያም ሆኖ፣ በየገጹ ባለ ቀለም ሥዕል ካላቸው ብዙ የመማሪያ መጻሕፍት ይበልጣል፤ ምክንያቱም አንባቢው ጸሐፊውን ማመን አያስፈልገውም። እያንዳንዱን ደረጃ ፈትሾ «እውነት ነው» ማለት ይችላል።

ለምን እንደሆነ ያወቀ ሰው ቀመሩንም አይረሳውም፣ አያምታታውምም። አንድ ምሳሌ፦ «የ1 ኢንች የውኃ ቧንቧ ጠፋ፤ በሱ ፈንታ ሁለት ባለ ግማሽ ኢንች እንዘርጋ» የሚል ሰው አጋጥሟችሁ ይሆናል። የሁለቱ ዲያሜትር ሲደመር 1 ኢንች ነው፤ ልክ ይመስላል። ውኃ የሚያልፈው ግን በስፋቱ ነው። ስፋት ግማሽ × ሬዲየስ × ዙሪያ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ወዲያው ያያል፤ ሬዲየሱ ሲጋመስ ዙሪያውም ይጋመሳል፤ ስለዚህ ስፋቱ ሩብ ይሆናል። ሁለት ሳይሆን ቢያንስ አራት ቧንቧ ያስፈልጋል!

ለመምህራንና ለመጽሐፍ አዘጋጆች የምለው አጭር ነው። ሁለቱን ሳጥኖች በአንድ ገጽ ላይ አቀራርቧቸው፤ በመካከላቸው «ስፋት = ግማሽ × ሬዲየስ × ዙሪያ» የሚለውን ድልድይ ሥሩ። ከ22/7 ፊት ያለውን የእኩል ምልክት «ትንሽ የሚበልጥ» በሚል ተኩት፤ ጎኑ ላይ 223/71ን፣ ማለትም 3 እና 10/71ን፣ «ትንሽ የሚያንስ» ብላችሁ ጨምሩ። አንድ መስመር ብቻ ነው የሚወስደው። ሬዲየሱ 5 ወይም 11 የሆነ ክብም አይጥፋ።

ለእናንተ ደግሞ አንድ ሥራ አለኝ። አርኪሜዴስ ከባለ 6 ጎን ጀመረ፤ እናንተ ከካሬ ጀምሩ። ሬዲየሱ 1 በሆነ ክብ ውስጥ ያለ ካሬ ጎኑ የ2 ስኩዌር ሩት ነው። ጎኖቹን እጥፍ ስታደርጉ አዲሱ ጎን በዚህ መንገድ ይገኛል፦ የድሮውን ጎን በራሱ አባዙ፣ ከ4 ቀንሱት፣ ስኩዌር ሩቱን አውጡ፣ ያንን ከ2 ቀንሱ፣ እንደገና ስኩዌር ሩት አውጡ። 8፣ 16፣ 32፣ 64 እያላችሁ ሂዱ፤ በየደረጃው ጎኑን በጎኖቹ ብዛት አባዝታችሁ ለ2 አካፍሉ። ይህ የአጥሩ የውስጥ ወገን ብቻ ነው። መልሳችሁ ከፓይ በታች መሆኑን ካያችሁ በኋላ፣ የውጪውን ወገን የሚሰጥ መንገድ ራሳችሁ ፈልጉ፤ ያለ እሱ አጥሩ አልተዘጋም።